ያለ ላብራቶሪ የረዥም ርቀት ሯጭን ፍጥነትና አናይሮቢክ አቅም እንዴት እንለካ? ደረጃ በደረጃ

ጅማ ውስጥ ሯጮችን የሚያሠለጥኑ ወዳጆቼ የሚያሳዩኝ ደብተር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ 400 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል። አሠልጣኙ ስቶፕዋች ይጫናል። 58 ሰከንድ። ከጎኑ «ፍጥነት ጥሩ፣ አናይሮቢክ ጥሩ» ተብሎ ይጻፋል። ከሁለት ወር በኋላ 59 ይሆንና የልጁ ሥልጠና በሙሉ ይቀየራል።

400 ሜትር ግን ሁለቱን ነገሮች፣ ፍጥነቱንና አናይሮቢክ አቅሙን (ያለ ኦክስጅን የሚያወጣውን ጉልበት)፣ ቀላቅሎ ነው የሚሰጣችሁ። አንዱ ልጅ ከፍተኛ ፍጥነት ኖሮት መጨረሻው 100 ሜትር ላይ ይሞታል። ሌላው ፍጥነቱ መካከለኛ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይይዘዋል። ሁለቱም 58 ይገባሉ። የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ለየብቻ እንለካ። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። በተለይ ትዕግሥት።

የምንለካቸው ሦስት ቁጥሮች

የመጀመሪያው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ሯጩ ለጥቂት ሰከንድ የሚደርስበት ጣሪያ ማለት ነው።

ሁለተኛው የወሰን ፍጥነት ነው። ከዚህ በታች ሲሮጥ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን ጉልበት በኦክስጅን እየሸፈነ ረጋ ብሎ ይቆያል። ከዚህ በላይ ሲሄድ ግን ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

ሦስተኛውን እኔ ቋት እለዋለሁ። ባለሙያዎቹ ዲ ፕራይም ይሉታል። የሚለካው በሜትር ነው። ውኃ የሞላ ጀሪካን አስቡ። ሯጩ ከወሰን ፍጥነቱ በላይ በሮጠ ቁጥር ከጀሪካኑ ይቀዳል። ሲያልቅ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ወደደም ጠላም። ቋቱ ሙሉ በሙሉ አናይሮቢክ ጉልበት ብቻ ነው ማለት አይደለም። መም ላይ ልናገኘው የምንችለው ቅርቡ መለኪያ ግን እሱ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመለካት በፊት

ማን አይፈተንም

- ትኩሳት፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ያለበት።
- ወባ ታሞ ገና የተነሳ። ልምምድ ጀምሬያለሁ ቢልም አትፈትኑት። ሙሉ ልምምዱን ያለ ችግር መሥራት እስኪችል ጠብቁ።
- ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ። ይህ ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።
- የጭኑ የኋላ ጡንቻ የሚይዘው።

የመጨረሻውን ላብራራ። የረዥም ርቀት ሯጭ ለወራት በሙሉ ኃይሉ ሳይፈተለክ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በድንገት «ያለህን ሁሉ አውጣ» ብትሉት ጡንቻው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀላል ሩጫ በኋላ፣ 6 ጊዜ 80 ሜትር እየፈጠነ ይሩጥ። መጀመሪያ በ80 በመቶ፣ ኋላ ወደ 95።

ሳምንቱን አዘጋጁ

ከፈተናው በፊት ባሉት 48 ሰዓታት ከባድ ሥራ አይኑር። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ወደ ጅሬን ዳገት ያስወጣኋቸውን ልጆች ሰኞ ጠዋት ፈተንኳቸው። የሁሉም ቁጥር ወረደ። እኔም ፍጥነታቸው ቀነሰ ብዬ ደመደምኩ። የለካሁት ግን የዳገቱን ድካም ነበር። በዚያ ቁጥር ተነስቼ የሰጠኋቸው ሥልጠና እስካሁን ይቆጨኛል።

ምግብ ከፈተናው 3 ሰዓት በፊት ይብቃ። ቡናን በተመለከተ ጅማ ላይ ሆኖ አትጠጡ ማለት ከባድ ነው፣ አልልም። ካፌይን ግን የሩጫ ውጤትን ይለውጣል። ልጁ በመጀመሪያው ፈተና ቀን ቡና ጠጥቶ ከሆነ በሚቀጥለውም ያንኑ ያህል፣ በዚያው ሰዓት ይጠጣ። ካልጠጣም እንደዚያው። ደብተር ላይ ጻፉት።

ቦታና ሰዓት

የተለካ የ400 ሜትር መም ካገኛችሁ ሁሉንም እዚያ ሥሩ። ካላገኛችሁ ለበራሪው 30 ሜትር (ተንደርድሮ ለሚሮጠው አጭር ፈተና) ቀጥ ያለ ሜዳማ ቦታ ይበቃል። ለረዥሞቹ ሩጫዎች ደግሞ በሜትር የለካችሁትን ዙር ተጠቀሙ። አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይል አታስሩጡ። ባጃጅ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ጠዋት ሥሩ፣ ለምሳሌ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ሌሊት ዘንቦ ከነበረ ግን ቀዩ አፈር ያዳልጣል፣ ጫማ ላይም ይለጠፋል። የአፈር መም ጭቃ ከሆነ አራዝሙት። «ትንሽ ነው፣ ይሁን» አትበሉ። የሚበላሸው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚትም አለ።

## ደረጃ 2፦ ቀን አንድ፣ በራሪ 30 ሜትር

በራሪ የሚባለው ሯጩ ተንደርድሮ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ የሚለካ ስለሆነ ነው። ከቆመበት የሚነሳ 30 ሜትር የሚለካው አነሳሱን ነው። ለእኛ ሯጭ ያ አይጠቅመንም።

ስቶፕዋች ለዚህ አይሆንም

በእጅ ሲለካ 0.2 ሰከንድ ያህል መሳት የተለመደ ነው። በ4 ሰከንድ ሩጫ ላይ ይህ 5 በመቶ ነው። ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። በአውራ ጣት ልንይዘው ከምንችለው ያነሰ ልዩነት ማለት ነው። በስልክ ቪዲዮ እንለካ።

አቀማመጥ

1. መነሻ ምልክት አድርጉ። ከዚያ 40 ሜትር ለመንደርደሪያ ለኩ። ቀጥሎ 30 ሜትር የሚለካው ክፍል። ከዚያ በኋላ ለማቆሚያ ቢያንስ 30 ሜትር ክፍት ይሁን። የመም ቀጥታው ክፍል ካልበቃ ማቆሚያው ወደ ኩርባው ቢገባ ችግር የለውም።
2. የ30 ሜትሩን መካከል አግኙ። ከዚያ ቦታ ከሩጫው መስመር ቀጥ ብላችሁ 30 ሜትር ወደ ሜዳው ውስጥ ራቁ። ስልኩን እዚያ አቁሙ። በእጅ አትያዙት። ወንበር ላይ በድንጋይ ደግፉት፣ ብቻ አይንቀሳቀስ።
3. ሁለት ቀጫጭን ዱላዎች አቁሙ። ሯጩ ከሚሮጥበት መስመር 1 ሜትር ወደ ስልኩ በኩል ይሁኑ። ከመካከሉ ወደ ግራ 14.5 ሜትር፣ ወደ ቀኝ 14.5 ሜትር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛው ላይ ነው። ዱላዎቹን ልክ 30 ሜትር አራርቀው ያቆማሉ። ስልኩ ግን ሯጩን የሚያየው በሰያፍ ነው። ዱላው ወደ ስልኩ ስለቀረበ በመካከላቸው 29 ሜትር ሲሆን ነው ሯጩ በትክክል 30 ሜትር የሚሸፍነው። ስልኩ ሁለቱንም ዱላዎች ካላሳየ ወደ ኋላ ራቁ፣ ግን ስሌቱን ቀይሩ። ከ15 ሜትር ላይ፣ 15ን ስልኩ ከሩጫው መስመር ባለው ርቀት አካፍላችሁ ቀንሱ። በ30 ሜትር ርቀት 0.5 ይቀነሳል። በ40 ሜትር 0.375።

ስልኩን ፈትሹ

ቢያንስ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አድርጉት። 120 ወይም 240 ካለው ይሻላል። ከዚያ ሳትጀምሩ ሌላ ስልክ ላይ የሚሄድ ስቶፕዋች ለ5 ሰከንድ ቅረጹ። ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ቁጠሩ። 60 ካላችሁ 300 ገደማ ፍሬም መውጣት አለበት። 150 ከወጣ ስልኩ በ30 ነው የቀረጸው። ብርሃን ሲያንስ አንዳንድ ስልክ ሳያሳውቅ የፍሬሙን ቁጥር ይቀንሳል። ደመና ባለበት ጠዋት ይህን አትዝለሉ።

ማሟሟቅ

15 ደቂቃ ሶምሶማ። ጉልበት ማንሳት፣ ተረከዝ ወደ ኋላ ማንሳት፣ እግር ማወዛወዝ። ከዚያ 4 ጊዜ 60 ሜትር፣ እያንዳንዱ ካለፈው የፈጠነ። የመጨረሻው ሙሉ ፍጥነት ሊደርስ ትንሽ የቀረው ይሁን። 5 ደቂቃ እረፍት። አንድ ቦታ ቆሞ መለጠጥን ለኋላ ተዉት።

ሩጫው

ሦስት ሙከራ። በመካከላቸው ሙሉ 5 ደቂቃ። ልጆቹ «ደህና ነኝ፣ አልደከመኝም» ብለው ያጣድፏችኋል። አትስሟቸው። ትእዛዙ አንድ ነው፦ «ከሁለተኛው ዱላ 10 ሜትር እስክታልፍ አትቀንስ።» ይህ ካልተነገራቸው ሁሉም ዱላው ላይ ይቀንሳሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ፈጣን ከሆነ ገና እየተሟሟቀ ነው፤ አራተኛ ጨምሩ።

ንባቡ

ወገቡ የመጀመሪያውን ዱላ ካለፈበት ፍሬም እስከ ሁለተኛው ድረስ ቁጠሩ። ጭንቅላት ወይም እጅ አትከተሉ፣ ይወዛወዛሉ። በ60 ፍሬም 228 ከቆጠራችሁ 228 ÷ 60 = 3.80 ሰከንድ ነው። 30 ÷ 3.80 = 7.89 ሜትር በሰከንድ። ይህ ከፍተኛ ፍጥነቱ ነው።

ካልሆነ

- *ሁለቱ ምርጥ ሙከራዎች ከ0.08 ሰከንድ በላይ ከተራራቁ፦* ወይ ቆጠራው ተሳስቷል፣ ወይ ልጁ አንዱን ቀንሶ ሮጧል። ቪዲዮውን ደግማችሁ ቁጠሩ።
- *የጭኑ ጀርባ «ጨመደደኝ» ካለ፦* ያ ቀን አበቃ። አንድ ሙከራ እንኳ አትጨምሩ።
- *ነፋሱ ኮን የሚገለብጥ ከሆነ፦* ሌላ ቀን።

## ደረጃ 3፦ ቀን ሁለትና ሦስት፣ 3600 እና 1200 ሜትር

ወሰኑንና ቋቱን ለማግኘት ሁለት ሙሉ ኃይል የሚወጣባቸው ሩጫዎች ያስፈልጋሉ። በመም ላይ 9 ዙርና 3 ዙር። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። ማክሰኞ በራሪው 30፣ ሐሙስ 3600፣ ቅዳሜ 1200 ቢሆን ጥሩ ነው።

ጀማሪ ሆኖ 3600ው ከ15 ደቂቃ በላይ የሚወስድበትን ልጅ በ3600ው ፈንታ 2400 አስሩጡት። ስሌቱ የሚሠራው ከ2 እስከ 15 ደቂቃ በሚሆን ሩጫ ነው።

1. በቀን አንድ እንዳደረጋችሁት አሟሙቁ። ከማፋጠኛዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ።
2. ሯጮቹን በ1 ደቂቃ ልዩነት አስነሱ። ተጠጋግተው ከሮጡ ወደ ውድድር ይለወጣል። አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይቆጥባል። ፈተናው ከራስ ጋር ነው።
3. መስመር አንድን ይያዙ። መስመር ሁለት ላይ የሮጠ በየዙሩ 7 ሜትር ያህል ይጨምራል። በ9 ዙር ከ60 ሜትር በላይ ነው። የምንፈልገው ቋት ራሱ ከ100 እስከ 300 ሜትር ቢሆን ነው፤ ይህ ስህተት ምን ያህል እንደሚያዛባው አስቡት።
4. የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ጻፉ። ለዚህ ስቶፕዋች ይበቃል።
5. የጂፒኤስ ሰዓት የሚሰጠውን ርቀት ተዉት። ኩርባ ላይ ይስታል። ርቀቱን የሚነግራችሁ መሙ ነው።
6. ሰዓቱን ለሯጩ አትጩሁለት። «በርታ፣ ያዘው» ይበቃል። የቀረውን ዙር ብቻ ንገሩት።

ስሌቱ

አንድ ምሳሌ። ልጁ 1200 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ20፣ ማለትም በ200 ሰከንድ ሮጠ። 3600ውን በ11 ደቂቃ፣ ማለትም በ660 ሰከንድ።

የርቀት ልዩነት፦ 3600 − 1200 = 2400 ሜትር።
የሰዓት ልዩነት፦ 660 − 200 = 460 ሰከንድ።
የወሰን ፍጥነት፦ 2400 ÷ 460 = 5.217 ሜትር በሰከንድ። በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ።
ቋት፦ 1200 − (5.217 × 200) = 156.5 ሜትር።

አለቀ። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ 1200ውን በ200 ሳይሆን በ202 ሰከንድ ገብቶ ቢሆን የወሰን ፍጥነቱ 5.240 ይሆናል፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቋቱ ግን ወደ 141.5 ይወርዳል። ሁለት ሰከንድ፣ 15 ሜትር። ወሰኑ የሚታመን ቁጥር ነው። ቋቱ ስስ ነው። በመጨረሻው ዙር የተሰላቸ ልጅ ቋቱን ሁሉ ያበላሽባችኋል።

ከቻላችሁ በሌላ ቀን 2400 ጨምሩና አረጋግጡ። በዚህ ምሳሌ (2400 − 156.5) ÷ 5.217 ያደርሰናል ወደ 430 ሰከንድ፣ 7 ደቂቃ ከ10። ልጁ ከዚህ ከ5 ሰከንድ በላይ ከራቀ ከሦስቱ ሩጫዎች አንዱ ችግር አለበት።

ካልሆነ

- *ቋቱ ከ50 ሜትር በታች ወይም ከዜሮ በታች ከወጣ፦* 1200ው ላይ አልሰጠም። የዙር ሰዓቱን እዩ። መጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው በብዙ ከፈጠነ ቆጥቦ ነበር። 1200ውን ድገሙ።
- *ቋቱ ከ350 በላይ ከወጣ፦* 3600ው ላይ ነው ችግሩ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ውድድር ወጥቶ መሃል ላይ ሞቷል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ድገሙ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ብቻ ሰዓት እየነገራችሁ።
- *መሃል ላይ ካቆመ፦* የሮጠውን ርቀት አትጠቀሙ። ለምን እንዳቆመ ጠይቁት። መልሱ ከቁጥሩ ይበልጥ ሊጠቅማችሁ ይችላል።
- *ሲጨርስ ካዞረው፦* አታስተኙት ወዲያው። ይራመድ። ካልቻለ ተኝቶ እግሩን ከፍ አድርጉለት። ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

## ደረጃ 4፦ ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማንበብ

አሁን ሌላ ፈተና ሳትጨምሩ የ6 ደቂቃ ፍጥነቱን ገምቱ። 5.217 × 360 + 156.5 = 2,035 ሜትር ገደማ። ለ360 ስታካፍሉት 5.65 ሜትር በሰከንድ። ይህ ከፍተኛውን ኦክስጅን ሲጠቀም የሚሮጥበት ፍጥነት ግምት ነው።

ከፍተኛ ፍጥነቱ 7.89 ነበር። 7.89 − 5.65 = 2.24። ይህ የፍጥነት ተጠባባቂው ነው።

ምን ይነግረናል? ሁለት ልጆች የ6 ደቂቃ ፍጥነታቸው እኩል 5.65 ይሁን። የአንዱ ጣሪያ 7.89፣ የሌላው 8.60 ነው። ሁለቱም አንድ ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ40 ይሩጡ፣ ማለትም በሰከንድ 6.25 ሜትር። የመጀመሪያው ከተጠባባቂው 27 በመቶ ይጠቀማል። ሁለተኛው 20 በመቶ። አብረው እየሮጡ አንዱ ሲያቃጥለው ሌላው የሚስቅበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። አሠልጣኞች «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ስሌት ሥሩ።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ልጅ አጫጭር ሙሉ ፍጥነት ያላቸው ሩጫዎች በረዥም እረፍት ይሥራ። አጭር ዳገትም ይረዳዋል። ጣሪያው ከፍ ብሎ ቋቱ ያነሰ ልጅ 300 እና 400 ሜትሮችን በጠንካራ ፍጥነት ይደጋግም። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ወሰኑ ዝቅ ያለ ከሆነ መጀመሪያ የወሰን ሥራ ነው፤ አጨራረሱ በኋላ ይደርሳል። መጨረሻው ዙር ላይ የሌለ ሯጭ በአጨራረስ አያሸንፍም።

## ደረጃ 5፦ ሳታምኑት ድገሙት

ይህን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምለምናችሁ ይህን ነው። የመጀመሪያውን ዙር ፈተና ከጨረሳችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሥልጠናውን ሳትቀይሩ፣ በራሪ 30ውንና 1200ውን እንደገና አስሩጡ። በሁለቱ መካከል የሚወጣው ልዩነት የእናንተ የመለካት ስህተት ነው። ልጁ አልተሻሻለም፣ አልደከመም። አዲሱን 1200 ከበፊቱ 3600 ጋር አስልታችሁ የአንዱ ልጅ ቋት በሁለቱ መካከል በ15 ሜትር ከተለያየ፣ ከሁለት ወር በኋላ የምታዩት የ10 ሜትር «ጭማሪ» ምንም ማለት አይደለም። 40 ሜትር ቢጨምር ግን ደስ ይበላችሁ።

ከዚያ በኋላ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ለኩ። ከዚያ በላይ ማብዛት ልምምዱን ይበላዋል።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ፣ ሰዓት፣ ጫማ ይሁን። ባለፈው በስፓይክ የሮጠ ዛሬም በስፓይክ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። እዚህ የተፈተነ ልጅ እዚያ ሄዶ የወሰን ፍጥነቱ ቢወርድ አየሩ ስለሳሳ ነው። ቁጥሮቹን አታወዳድሩ። እዚያ አዲስ ደብተር ይጀምር።

## ስለ ሌሎቹ ፈተናዎች

ዊንጌትን የሚጠይቁኝ አሉ። በብስክሌት ለ30 ሰከንድ የሚደረግ ፈተና ነው። የሯጭን እግር በሚሮጥበት መንገድ አይለካም። ስድስት ጊዜ 35 ሜትር በ10 ሰከንድ እረፍት የሚሮጠው ፈተና ለኳስ ተጫዋች ጥሩ ነው፤ ለ5,000 ሜትር ሯጭ ብዙም አይነግራችሁም። የላክቴት (ጡንቻ በከባድ ሩጫ ጊዜ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር) መለኪያ መሣሪያ ካገኛችሁ ደግሞ ደሙን ወዲያው ሳይሆን ሩጫው ካለቀ ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደጋግማችሁ ውሰዱ፤ ከፍተኛው ቁጥር የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ጣቱን ከመውጋታችሁ በፊት ላቡን አጥባችሁ አድርቁ፣ ላብ ራሱ ላክቴት አለው። መርፌውን ለሁለት ሰው በፍጹም አትጠቀሙ።